ፕሮግራም በመልኩ ይመዘናልን?

አንባቢ ሆይ፤ እስቲ በእርስዎም ላይ ሳይደርስ ያልቀረውን አንድ ነገር ያስታውሱ። በመሥሪያ ቤትዎ ወይም በትምህርት ቤትዎ ኮምፒዩተር ላይ አንድ አዲስ ፕሮግራም ይገባል። ያስገባው ባለሙያም «ከዛሬ ጀምሮ የምትሠሩት በዚህ ነው» ብሎ ይሄዳል። እርስዎ ወንበርዎን ጠጋ አድርገው፥ ማውሱን ይዘው፥ ምልክቱን ሁለት ጊዜ ጠቅ ያደርጉታል፤ መስኮቱም ይከፈታል። ገና አንድ ፊደል ሳይጽፉ፥ ገና አንድ ቁጥር ሳይደምሩ ፍርድዎን ሰጥተዋል። ወይ «ይህስ ደኅና ነው» ብለዋል፤ ወይም ፊትዎን ቋጠር አድርገው «ደግሞ ምን ዐይነቱን አመጡብን!» ብለዋል። አጠገብዎ የተቀመጠው ባልደረባዎ አንገቱን ሰገግ አድርጎ አይቶ ያንኑ ይደግመዋል፤ እስከ ምሳ ሰዓትም ወሬው በቢሮው ሁሉ ይዳረሳል።

ይህ ፍርድ የተሰጠው በምን ላይ ነው? በፕሮግራሙ ሥራ ላይ እንዳይሉኝ፤ ሥራውን ገና አላዩትምና። የተሰጠው በለበሰው ልብስ ላይ ነው።

ማንኛውም የኮምፒዩተር ፕሮግራም ከሠሪዎቹ እጅ ሲወጣ አንድ መልክ ለብሶ ይወጣል። የመስኮቱ ቀለም፥ የፊደሉ ዐይነትና መጠን፥ የአዝራሮቹ አሰላለፍ፥ የጀርባው ሥዕል፥ የማውሱ የግራና የቀኝ ቁልፍ የሚሠሩት ሥራ፥ ይህ ሁሉ አስቀድሞ ተወስኖ ነው የሚመጣው። በሙያው ቋንቋ ይህን «ዲፎልት» ይሉታል፤ ተጠቃሚው ራሱ ምንም ሳይመርጥ የሚያገኘው ማለት ነው። ከዚህም ውስጥ አብዛኛው ሊለወጥ ይችላል። ለሥራ ፈተና የሚቀርብ ወጣት ክራባቱን በሌላ ክራባት እንደሚለውጥ ሁሉ ፕሮግራሙም ቀለሙንና አዝራሩን ይለውጣል። ልዩነቱ ግን ይህ ነው፤ ወጣቱን የሚፈትነው ሰው ክራባቱ ከአካሉ ጋር ያልተፈጠረ መሆኑን ያውቃል፤ ፕሮግራሙን የሚከፍተው ሰው ግን ብዙ ጊዜ ልብሱን ከገላው አይለይም።

(በዚህ ጽሑፍ የሚነሡት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልኝ።)

የሰው ዐይን ለመፍረድ ምን ያህል ጊዜ ይበቃዋል? በካናዳ፥ በኦታዋ ከተማ በሚገኘው በካርልተን ዩኒቨርሲቲ ጊተ ሊንድጋርድ የተባሉ ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር ይህንኑ ፈትነው ውጤቱን በ2006 አሳትመዋል። ለሰዎች የኢንተርኔት ገጾችን ለ50 ሚሊሰከንድ ብቻ፥ ማለት ለአንድ ሰከንድ ሃያኛ እጅ ያህል አሳይተው «ይህ ገጽ ያምራልን?» ብለው ጠየቋቸው። በዚያች ቅጽበት የገጹን ጽሑፍ አንብቦ መጨረስ አይቻልም። ሆኖም በሃያኛ ሰከንድ የተሰጠው ፍርድ በግማሽ ሰከንድ ከተሰጠው ፍርድ ጋር እጅግ የተቀራረበ ሆኖ ተገኘ። የተፈተኑት የኢንተርኔት ገጾች እንጂ በኮምፒዩተር ላይ የሚገቡ ፕሮግራሞች አልነበሩም፤ ነገር ግን የሚያየው ዐይን ያው ዐይን ነው።

ከዚህ ይልቅ እኔን የሚገርመኝ በጃፓን የተደረገው ምርመራ ነው። በ1995 በሒታቺ ኩባንያ የዲዛይን ማዕከል ይሠሩ የነበሩት ማሳአኪ ኩሮሱና ካኦሪ ካሺሙራ የባንክ ገንዘብ መክፈያ ማሽን (ኤ ቲ ኤም የምንለውን) የመስኮት አሰላለፍ በ26 ዐይነት አዘጋጁ። ቁጥሮቹና አዝራሮቹ ያው ናቸው፤ የተለየው አቀማመጣቸው ነው። እነዚህንም ለ252 ሰዎች አቀረቡና ሁለት ነገር ጠየቁ፤ አንደኛ፥ የትኛው ያምራል? ሁለተኛ፥ የትኛው ለአሠራር ይቀላል? መልሱ ሲሰበሰብ ሰዎች ያማረውን ሁሉ «ይቀላል» ብለው ተገኙ። ባለሙያዎቹ አሠራሩን በእውነት ለማቅለል ብለው ያደረጉት ማስተካከያ ግን በሰዎቹ መልስ ላይ ያመጣው ለውጥ እምብዛም ነበር።

በእስራኤል የሚኖሩት ምሁር ኖአም ትራክቲንስኪ ይህን ባነበቡ ጊዜ ተጠራጠሩ። ጃፓኖች ለውበት ያላቸው ፍቅር የታወቀ ነው፤ በእኛ አገር ግን ሰው እንዲህ ለመልክ አይጨነቅም፤ ስለዚህ ውጤቱ በእስራኤል አይደገምም ብለው ገመቱ። በ1997 ምርመራውን በአገራቸው ሲደግሙት ግን ግምታቸው ከሸፈ፤ በመልክና «ይቀላል» በሚለው አስተያየት መካከል ያለው ዝምድና እንዲያውም ከጃፓኑ በረታ። በ2000 ደግሞ ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄዱ። ሰዎቹ ማሽኑን በእጃቸው ሠርተው ከጨረሱ በኋላ እንደገና ተጠየቁ። ከሠሩበት በኋላም ቢሆን ያማረው «የቀለለ» ሆኖ ታያቸው። እንግዲህ የመጀመሪያው እይታ ሥራ ሲጀመር ተኖ የሚጠፋ ነገር አይደለም፤ ሥራውን ራሱን የምናይበት መነጽር ሆኖ አብሮን ይቀመጣል።

ከዚህ በላይ የተነገረው በቤተ ሙከራ የሆነ ነው። በገበያ የሆነውን ለማየት የዊንዶውስ ኤክስ ፒን ታሪክ እናንሣ። እርስዎ ወጣት ከሆኑ ታላላቆችዎ ያስታውሱታል። በኦክቶበር 2001 ሲወጣ ከታች የተዘረጋው መደብ ደማቅ ሰማያዊ፥ «ስታርት» የሚለው አዝራር አረንጓዴ፥ የመስኮቶቹ ማዕዘን የተድቦለቦለ ነበር። ለዚህም መልክ «ሉና» የሚል ስም ነበረው። በጀርባው አረንጓዴ ሣር የለበሰ ኮረብታና ነጭ ደመና ያለበት ሰማያዊ ሰማይ ይታይ ነበር። ይህን ኮረብታ ብዙ ሰው በእጅ የተሣለ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ቻርልስ ኦሪር የተባሉ ፎቶግራፍ አንሺ በ1996 በካሊፎርኒያ፥ በሶኖማ አውራጃ በመኪና ሲያልፉ ያነሡት እውነተኛ ፎቶግራፍ ነው። ቦታው የወይን እርሻ ነበር፤ ወይኑ በተባይ ተመትቶ ስለ ተነቀለ ነው በዚያን ጊዜ ሣር የለበሰው። ዛሬ ወይን ተመልሶ ተተክሎበታል።

ከእርሱ በፊት በ2000 የወጣው ዊንዶውስ 2000 ግን መልኩ ግራጫ፥ ማዕዘኑ የሾለ፥ በጠቅላላው የመዝገብ ቤት መደርደሪያ የሚመስል ነበር። ሰው ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያያቸው በመካከላቸው የአንድ ትውልድ ርቀት ያለ ይመስለዋል። በውስጣቸው ግን የቅርብ ወንድማማቾች ናቸው። ሁለቱም «ኤን ቲ» በሚባለው አንድ መሠረት ላይ የቆሙ ናቸው፤ ሠሪዎቹ የሚሰጧቸው የውስጥ ቁጥር እንኳ ለአንዱ 5.0፥ ለሌላው 5.1 ነው። በቤቱ ዊንዶውስ 98ን ይጠቀም ለነበረ ሰው ኤክስ ፒ ትልቅ ለውጥ አምጥቶለታል፤ ቶሎ ቶሎ ከመቆም ያዳነው ይኸው ጠንካራ መሠረት ነው። ሰው ግን ያወራው ስለ መሠረቱ ሳይሆን ስለ ሰማያዊው መደብ ነበር። የወደዱት «አዲስ ዘመን ነው» አሉ፤ የጠሉትም «የሕፃናት መጫወቻ ነው» አሉ። መልኩን ወደ ቀድሞው ግራጫ ለመመለስ ግን ጥቂት ጠቅታ ብቻ ይበቃ ነበር፤ «ክላሲክ» የሚል ምርጫ እዚያው ተቀምጦ ነበርና።

እርስዎም «ታዲያ ለምን አልለወጡትም?» ይሉ ይሆናል። ጥያቄው የተገባ ነው። መልሱም ሰው አይለውጥም ነው።

ጄሬድ ስፑል የተባለው አሜሪካዊ የዚህ ሙያ ተመራማሪ በ2011 በጻፈው ጽሑፍ አንድ ያደረገውን ነገር ይተርካል። ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ብዙ ሰዎችን የዎርድ ፕሮግራማቸውን ምርጫዎች የያዘውን ፋይል እንዲልኩለት ጠየቀ። ፋይሎቹ ሲመረመሩ አንድ ነገር እንኳ የለወጡት ሰዎች ከመቶ 5 አይሞሉም ነበር። ከዚህ የሚብሰው ገና ይመጣል። በዚያ ዕትም ላይ ጽሑፍን በየጊዜው በራሱ የሚያስቀምጠው አገልግሎት ተዘግቶ ነበር የሚመጣው። መብራት በሄደ ቁጥር ጽሑፉ የጠፋበት ሰው ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ያውቀዋል። ሰዎቹ «ለምን አልከፈታችሁትም?» ተብለው ሲጠየቁ «ሠሪዎቹ የዘጉት ምክንያት ቢኖራቸው ነው» አሉ። ስፑልም ነገሩን ከሥሩ ሲያጣራ ምክንያት የሚባል ነገር አልነበረም፤ ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው ምን ይደረግ ተብሎ ስላልተነገረው የምርጫዎቹን መዝገብ በሙሉ በዜሮ ሞልቶት ነበር።

ይህን ነገር ቆም ብለው ያስቡት። አንድ ሠራተኛ ሳያስብበት የሞላውን ዜሮ ሌላው ሕዝብ እንደ ጥበበኛ ውሳኔ አክብሮ ተቀበለው ማለት ነው። በመሥሪያ ቤት የቆየ ሰው ይህ አይገርመውም ይሆናል። ማን እንዳዘዘው የማይታወቅ ቅጽ፥ ለምን እንደሚሞላ የማይታወቅ ዐምድ ስንት ዓመት ሙሉ ተሞልቷል!

ሰው የተሰጠውን እንዳለ የሚይዝ መሆኑ በፍርድ ጉዳይ እንኳ የታየበት ጊዜ አለ። በፓኪስታን በ2017 በጊዜው በነበሩት ጠቅላይ ሚኒስትር ቤተሰብ ሀብት ላይ ምርመራ ሲደረግ በፌብሩዋሪ 2006 ተጻፈ የተባለ ሰነድ ቀረበ። ሰነዱ የተጻፈበት ፊደል ካሊብሪ ነበር። ካሊብሪ ለሕዝብ በሰፊው የተዳረሰው በ2007 ከወጣው የዎርድ ዕትም ጋር፥ ሳይመረጥ የሚመጣ ፊደል ሆኖ ነው። መርማሪዎቹ የሰነዱን ቀን የተጠራጠሩት ከዚህ የተነሣ ነው፤ ጉዳዩም በዓለም ጋዜጦች ላይ ብዙ ተወራበት።

እንግዲህ ነገሩ ይህን ያህል የከበደ ከሆነ፥ መልኩ ባለማማሩ የሚጎዳው ማን ነው? ለዚህ የማውቀው ከሁሉ የተሻለው ምሳሌ ብሌንደር ነው።

ብሌንደር ሥዕልን በሦስት ገጽታ የሚሠራ፥ ሥዕልንም የሚያንቀሳቅስ ፕሮግራም ነው። በኔዘርላንድስ ተወለደ፤ የያዘው ኩባንያ ሲዘጋ አባቱ ቶን ሮዘንዳል ከሕዝብ 100,000 ኤውሮ ሰብስቦ በኦክቶበር 2002 ለማንም ሰው በነፃ እንዲሰጥ አደረገው። በዚህ ሙያ የሚሸጡት ፕሮግራሞች ለተማሪ ኪስ የሚቀመሱ አልነበሩም፤ ስለዚህ ብሌንደር ገንዘብ ለሌለው ወጣት የተከፈተ ትልቅ በር ነበር። ነገር ግን ደጃፉ ላይ አንድ እንቅፋት ተቀምጦ ነበር።

ወጣቱ ፕሮግራሙን ይከፍተዋል። በግራጫ ሜዳ መካከል አንድ ግራጫ ሳጥን ቆሞ ያያል። ሳጥኑን ለመያዝ፥ በሌላ ፕሮግራም ሁሉ እንደ ለመደው፥ በማውሱ ግራ ቁልፍ ጠቅ ያደርገዋል። ሳጥኑ አይያዝም። በዚያ ፈንታ ቀይና ነጭ ቀለበት የመሰለ ነገር ጠቅ ወዳደረገበት ቦታ ዘልሎ ይቀመጣል። ደግሞ ጠቅ ያደርጋል፤ ቀለበቱ ደግሞ ይዘላል። በብሌንደር ነገር የሚመረጠው በቀኝ ቁልፍ ነበርና! ወጣቱ ይህን የሚነግረው ሰው ከሌለ ፕሮግራሙ የተበላሸ፥ ወይም እርሱ ራሱ ለዚህ ሙያ ያልተፈጠረ ይመስለዋል። ሁለተኛው ሐሳብ ከመጀመሪያው የባሰ ነው። ስንቱ ወጣት በዚህ ምክንያት ዘግቶት እንደ ሄደ የቆጠረ የለም።

ቀኝ ቁልፍን የመረጡት ሰዎች ሞኞች አልነበሩም። መምረጫው ከመሥሪያው ቁልፍ ከተለየ ሰው ሳያስበው ሥራውን አያናጋም የሚል ምክንያት ነበራቸው፤ የለመዱትም ሰዎች እስከ ዛሬ ይመሰክሩለታል። ደግሞም በምርጫዎቹ መዝገብ ውስጥ «በግራ ይሁን» የሚል መስመር ነበረ፤ የፈለገ ይለውጠው ነበር። ክርክሩም ለብዙ ዓመታት በዚሁ ላይ ቆመ። አዲሱ ሰው «ለምን እንደ ሌላው አይሆንም?» ይላል፤ ነባሩም «ካልወደድከው ለውጠው» ይለዋል።

«ካልወደድከው ለውጠው» የሚለው ቃል በእኔ አስተያየት መልስ አይደለም። መለወጫውን ፈልጎ የሚያገኘው ቤቱን ያወቀ ሰው ነው፤ ቤቱን ለማወቅ ደግሞ መጀመሪያ መግባት ያስፈልጋል። እንግዳን በደጅ አቁሞ «ቁልፉ ጓዳ ውስጥ አለልህ» እንደ ማለት ነው።

በጁላይ 2019 ብሌንደር 2.80 ሲወጣ ግራው ቁልፍ መምረጫ ሆነ፤ መልኩም ወደ ጥቁር ግራጫ ተለወጠ፤ ሥራዎቹ በየወገናቸው ከላይ በተደረደሩ ትሮች ተከፋፈሉ። ከዚህም በላይ ፕሮግራሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከፈት በፊት ለፊቱ አንድ ትንሽ ሠሌዳ አውጥቶ «በግራ ነው በቀኝ የሚመርጡት?» ብሎ ይጠይቅ ጀመር። በጓዳ የነበረው ቁልፍ ወደ ደጃፍ ወጣ ማለት ነው። ነባሮቹም ምንም አልጎደለባቸው፤ «በቀኝ» ብለው አለፉ። በዚያው ዕትም ሥዕልን በፍጥነት የሚያወጣ አዲስ ሞተርም ስለ ገባበት፥ ከዚያ ወዲህ ያገኘውን ክብር ሁሉ ለመልኩ ብቻ መስጠት ትክክል አይሆንም። ክብር ማግኘቱ ግን እውነት ነው። ላትቪያዊው ጊንትስ ዚልባሎዲስ በብሌንደር የሠራው፥ አንዲት ድመት በጎርፍ መካከል የምትጓዝበት፥ አንድ ቃል የማይነገርበት «ፍሎው» የተባለው ፊልም በ2025 የኦስካር ሽልማት አግኝቷል።

ፎቶግራፍ ማሰናጃ የሆነው ጊምፕም ተመሳሳይ ዕጣ ነበረው። ለረጅም ጊዜ ሲከፈት ሥዕሉ በአንድ መስኮት፥ መሣሪያዎቹ በሌላ፥ ዝርዝሩ በሦስተኛ መስኮት ተበታትነው ይታዩ ነበር። በ2012 ሁሉን በአንድ መስኮት የሚሰበስብ ምርጫ ተጨመረለት፤ ነገር ግን ሳይመረጥ የሚመጣው የተበታተነው ነበር። የተሰበሰበው የመጀመሪያው መልክ የሆነው በ2018 ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ መድኃኒቱ በቤት ውስጥ እያለ እንግዳው ሕመሙን ብቻ አይቶ ይሄድ ነበር ማለት ነው።

እስከ አሁን የተናገርነው የሌላ አገር ፕሮግራም ነው። ነገሩ ግን ወደ እኛ ፊደልም ደርሷል፤ እንዲያውም ከሁሉ የከፋው እዚያ ላይ የደረሰው ይመስለኛል። የግእዝ ፊደል ዩኒኮድ ወደሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ እያንዳንዱ ፊደላችን በመዝገቡ የራሱ ቁጥር አለው። ሆኖም ኤክስ ፒ በ2001 ሲወጣ ከእርሱ ጋር የሚመጣ የአማርኛ ፎንት አልነበረም። ስለዚህ በአማርኛ የተጻፈ ገጽ ወይም ደብዳቤ ሲከፈት ከዳር እስከ ዳር የተደረደሩ ባዶ ሳጥኖች ይታዩ ነበር። ፊደሎቹ አልጠፉም፤ ቁጥራቸው በትክክል ተቀምጧል፤ የጎደለው ልብሳቸው ብቻ ነው። አንድ ፎንት ከሌላ ኮምፒዩተር ቀድቶ ማስገባት የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነበር። ይህን ያላወቀ ሰው ግን ሳጥኖቹን አይቶ «ኮምፒዩተር አማርኛ አይችልም» ብሎ ቢደመድም ማን ይፈርድበታል? ይህን ያለ ሰው ደብዳቤውን በእንግሊዝኛ ይጽፋል፤ ወይም አማርኛውን በላቲን ፊደል እያጣመመ ይጽፋል፤ ልማዱም አብሮት ይቀራል።

በ2007 ቪስታ የተባለው ዊንዶውስ ኒያላ የሚባለውን ፎንት ይዞ ሲመጣ ሳጥኖቹ ያለ ማንም ድካም ፊደል ሆኑ። ፊደሉም የብዕር አጣጣል ያለው፥ ለዐይን የሚስማማ ነው። ለአማርኛ ሁለት ነገር ተለውጦ አልነበረም፤ በመዝገቡ ያለው ቁጥር ያው የ1999 ቁጥር ነው። የተለወጠው ሰው ሳይጠይቅ የሚያገኘው ነገር ነው። ዛሬም ቢሆን ትንሽ ቅሪት አለ፤ ለምሳሌ ካሊብሪ የአማርኛ ፊደል የለውም፤ በካሊብሪ በሚጻፍ ጽሑፍ መካከል አማርኛ ሲገባ ኮምፒዩተሩ ፊደሉን ከሌላ ፎንት ይበደራል፤ አንዱ መስመር ከሌላው ሰፋ፥ ፊደሉም አነስ ወይም ገዘፍ ብሎ የሚታየው አንዳንድ ጊዜ ከዚህ የተነሣ ነው። አለቃዎ «ይህ ደብዳቤ ምን ሆኖ ነው የተዘበራረቀው?» ቢሉ ጥፋቱ የእርስዎ እንዳይመስልዎ፤ ለጽሑፉ በሙሉ አንድ የአማርኛ ፎንት ይምረጡለት።

እዚህ ላይ አንድ ስሕተት እንዳልሠራ እፈራለሁ። መልክ ከንቱ ነው፥ አትመልከቱት ማለቴ አይደለም። በየቀኑ ስምንት ሰዓት የሚያዩት ነገር ዐይንን ባያደክም፥ ልብንም ባያስጨንቅ ይሻላል። መልካቸው ያልተጠነቀቀላቸውን ፕሮግራሞች «ውስጣቸው ግን ወርቅ ነው» እያሉ የሚከራከሩ ሠሪዎችንም አላዝንላቸውም፤ እንግዳ ተቀባይነት የሥራው ክፍል ነው። የምለው ሌላ ነው። ያማረውም እንደዚያው ሊያሳስት ይችላል። ሰፋፊ ነጭ ቦታ፥ ለስላሳ ቀለም፥ ቀስ ብሎ የሚከፈት መስኮት ያለው ፕሮግራም ገዝተው ከስድስት ወር በኋላ የጻፉትን ሁሉ አውጥተው ወደ ሌላ መውሰድ የማይቻል ሆኖ ቢያገኙት፥ ያ ውበት ምን ይረባዎታል? መሥሪያ ቤት የሚገዛ እንደ ሆነ ደግሞ ገንዘቡ የሕዝብ ነው፤ «አይተነው አማረን» የሚል ቃለ ጉባኤ ሊጻፍ አይገባም። ለመግዛት ኮሚቴ ውስጥ ከገቡ ሻጩ የሚያሳየውን አይተው አይለዩ፤ ከራስዎ መዝገብ አንድ እውነተኛ ሥራ ይዘው ይሂዱ፤ የዛሬ ዓመት የጻፉትን የደመወዝ ዝርዝር ወይም የሦስት ገጽ ሪፖርት። እርሱን በፕሮግራሙ ከፍተው፥ አርመው፥ አትመው፥ አውጥተውም በሌላ ፕሮግራም ይክፈቱት። ይህ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ዛሬ ማታ ሊሞክሩት የሚችሉትም አንድ ነገር አለ። ሊብሬ ኦፊስ የተባለው የጽሕፈትና የሒሳብ ፕሮግራም በነፃ የሚገኝ ነው። ከ2010 ጀምሮ በዚህ ስም ይሠራል። የዎርድን የ2007 መልክ የለመደ ሠራተኛ ሲከፍተው ከላይ ትንንሽ አዝራሮች በመስመር ተደርድረው፥ የጥንቱን የ2003 ዎርድ መስሎ ስለሚያገኘው «ይህማ ያረጀ ነው» ብሎ ይዘጋዋል። ከመዝጋትዎ በፊት ከላይ «ቪው» የሚለውን ይክፈቱ፤ ከእርሱም ውስጥ «ዩዘር ኢንተርፌስ» የሚለውን ይምረጡ። የመልኮች ዝርዝር ይመጣልዎታል። «ታብድ» የሚለውን ጠቅ አድርገው «አፕላይ ቱ ኦል» ይበሉት፤ አዝራሮቹ ገዘፍ ብለው፥ በትር በትር ተከፍለው፥ የለመዱትን ዐይነት መልክ ይይዛሉ። ይህ ምርጫ ለማንም ሰው ግልጽ ሆኖ ከተቀመጠ ከ2019 ጀምሮ ነው። ያልተስማማዎት እንደ ሆነ በዚያው ዝርዝር «ስታንዳርድ ቱልባር» የሚለው ወደ ቀድሞው ይመልስዎታል፤ የጻፉትም ጽሑፍ አንድ ፊደል አይነካም።